ቀበቶ የታሰረችው ጀሪካን

እትዬ አባይነሽ መንጃ ፈቃድ ያወጡት አምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ስንት ጊዜ እንደወደቁ የሚጠይቃቸው ካለ "እሱን ፈታኙን ጠይቁት" ይላሉ። በመጨረሻ ያለፉ ዕለት ደስታው ቢበዛባቸው የፈታኙን እጅ ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሰውዬው ደንግጦ ከመኪናው ወርዷል። ከአርማጭሆ ተነስተው በእግራቸው ገዳሪፍ የገቡ፣ ሱዳን ውስጥ በሰው ቤት ልብስ ያጠቡ፣ ሜልቦርን ከመጡም በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ሲያገላብጡ ኖረው፣ ወገባቸውንና የእጃቸውን አንጓ እዚያው ጥለው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በስማቸው የተመዘገበ ንብረት ቢባል ያቺ ነጭ ጃፓን ሠራሽ መኪና ብቻ ናት። አሮጌ ናት፤ ግን ሁልጊዜ የታጠበች ናት።

እኔ ማሂ እባላለሁ። ከእሳቸው ጋር ሴንት አልባንስ በሚባል የሜልቦርን ሰፈር አንድ ቤት ለሁለት ተከራይተን እንኖራለን። በባቡር ሥራ ሄጄ በባቡር የምመለስ፣ ስለ መኪና የማላውቅ ሰው ነኝ። ማኅበር ላይም አልገኝም፤ ወሬ ስለማልወድ ሳይሆን እሑድ እሑድ ሺፍት ስላለኝ ነው። ይህን የምናገረው ማን ምን እንደሚያውቅ ኋላ ሲቆጠር እኔን እዚያ ውስጥ እንዳታስገቡኝ ነው።

እትዬ አባይነሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ጠበል ያስሞላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለጨነቀው ሁሉ እየዞሩ ያድላሉ። ጀሪካኗ የምትሄደው የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ያውም ቀበቶ ታስራ። ለምን ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ቡቱ ውስጥ እንደማያደርጓት አንድ ቀን ብጠይቃቸው እንደ ከሃዲ አዩኝ።

"ጠበል ከጎማና ከጫማ ጋር ይጫናል እንዴ? ምን ነካሽ?"

ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺ መኪና የምትሠራው ለእትዬ ሮማነወርቅ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ የከተማው ዳር፣ ሜልተን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጓደኛቸው ናቸው። ገዳሪፍ ሳሉ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጥንድ ጫማ ተጋርተው ኖረዋል፤ ጫማውን የምታደርገው ያን ቀን ሥራ ያገኘችው ነበረች። አሁን የእትዬ ሮማነወርቅ ኩላሊት ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ሆስፒታሉ መኪና እንላክልዎት ቢላቸው "ቋንቋዬን ከማያውቅ ሾፌር ጋር መንገድ ላይ ብሞት ለማን እናዘዛለሁ?" ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እትዬ አባይነሽ ማልደው ሜልተን ይሄዳሉ፤ ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ሲያበቃ መልሰው ያደርሷቸዋል። ሐኪሙ አንድ ቀን ቢያልፍ ውሃ ሳንባቸው ላይ እንደሚወጣ በአስተርጓሚ አስጠንቅቋል። እትዬ አባይነሽም "እኔ ቆሜ እየሄድኩ አያልፍም" ብለው ቃል ገብተዋል። መኪናዋ ማበድ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ጠራራ ፀሐይ ላይ የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን መወዛወዝ ጀመረ። ቀጥሎ ፍሪዌይ ላይ የኋላው መስኮት ራሱን ከፈተ። ከዚያ ክላክሱ መጣ። እሱ እንኳ ባይነሳ ይሻላል። ሆስፒታሉ በር ላይ እትዬ ሮማነወርቅን እያወረዱ ሳለ ጮኸና አላቆም አለ። ነርሶች ወጡ፣ ጥበቃው እየሮጠ መጣ፣ እትዬ አባይነሽም የሚሉት ጠፍቷቸው መሪውን እንደሚያለቅስ ሕፃን መታ መታ ያደርጉት ነበር። ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን ዓይናቸው ላይ ሳቅ አላየሁም።

እንዲህ ሲሆን የሚሮጡት ወደ ወንድማገኘሁ ነው። ዋይንድሃም ቬል በሚባል ሰፈር ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሙያ አለው፤ እሱን አልክድም። ከሙያውም በላይ አበልጃቸው ነው፤ ልጁን ኑሀሚንን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። ድሮ ጋሼ እለው ነበር። አሁን ትቻለሁ።

መጀመሪያ ባትሪው ነው አለ፤ ባትሪው ተቀየረ። መኪናዋ ጥቂት ሰንብታ እንደገና ማበድ ስትጀምር ዲናሞው ነው አለ፤ ዲናሞው ተቀየረ። ኋላ ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ። በየጊዜው "ለእርስዎ ስለሆነ በመጣበት ዋጋ ነው" ይላል። በመጣበት ዋጋውም ቢሆን ለኢየሩሳሌም መሳለሚያ ብለው ያስቀመጡትን ገንዘብ እየገመሰው ሄደ። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ፣

"ደረሰኝ ይቀበሉት እንጂ፤ ዕቃው እኮ ዋራንቲ ይኖረዋል" አልኳቸው።

"አበልጄን ደረሰኝ አምጣ ልበለው? ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

እኔ መጠየቅ የነበረብኝ እሱስ በምን ዓይኑ ያያቸው ነበር የሚለውን ነው።

ሞተሪኖው የተቀየረ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። እትዬ አባይነሽ ገንዘቡን በሁለት እጃቸው ከሰጡት በኋላ ትንሽ አመነቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ወንድማገኘሁ፣ ሰው ዓይኑን ጥሎባት ይሆን? አባን ለምኜ ጠበል ላስረጫት?" አሉት።

ወንድማገኘሁ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ቀና ሳይል፣ "እሱማ ምን ይከፋል፣ እትዬ" አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወደ ቆመችበት መጡና ጸሎት አድርሰው መኪናዋን ከውጭም ከውስጥም ረጯት። እትዬ አባይነሽም በሮቹን ሁሉ ከፍተው "እዚህም ጋ፣ አባቴ፣ ከወንበሩ ሥርም" እያሉ እንደነበር ቤት ሲመለሱ በደስታ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውም ከጀሪካኗ በእፍኛቸው እየቀዱ ወንበሩን ረጨት ያደርጉት ጀመር። መኪናዋ ባሰባት። እሳቸውም ርጭቱን ጨመሩ።

ሐምሌ እዚህም እንደ አገር ቤት ብርድና ዝናብ ነው። በአንድ የሐምሌ ማክሰኞ፣ እኔ ሥራ ከሄድኩ በኋላ፣ መኪናዋ ጭራሽ አልነሳ አለች። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ጊዜ ረጅሙ ነው፤ ማክሰኞ የሚቀር ቀን አይደለም። እትዬ አባይነሽ ወንድማገኘሁ ጋ ደወሉ። "መጣሁ፣ እንዳይነኳት" አላቸው። መጣሁ ካለ ይመጣል ብለው ታክሲም አልጠሩ፣ ለእኔም አልደወሉ፣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። የመጣው እኩለ ቀን አልፎ ነው። እትዬ ሮማነወርቅ ሜልተን መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ ተራቸው አለፈ፤ ሆስፒታሉም ነገ እናያለን አለ። ነገ ሳይደርስ ትንፋሽ አጥሯቸው በአምቡላንስ ተወሰዱ።

ተርፈዋል። ግን እትዬ አባይነሽ ያን ሳምንት እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል። ቃሌን በላሁ፣ ልገድላት ነበር ይላሉ። ወንድማገኘሁን ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እንዲያውም፣

"እጁ መድኃኒት ነው" አሉኝ። "የሞተሩን ኮፈን እንኳ አልከፈተም። ከኋላ ወንበር ሥር እጁን ሰደድ አድርጎ ትንሽ ነካካና ተነሳች።"

እኔም አመንኳቸው። ምን ላውቅ?

ወሩ ሳያልቅ እንደገና ቆመች፤ ያውም ቤታችን በር ላይ፣ በአንድ ሰኞ። ወንድማገኘሁ ስልክ አላነሳም። በማግስቱ ማክሰኞ ነው። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ቬትናማዊ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ሄጄ ለመንኩት፤ በጎታች መኪና አስወሰዳት። እትዬ አባይነሽ መንገዱን ሙሉ የተጨነቁት ስለ መኪናዋ አልነበረም።

"አበልጄ ቢሰማ ያዝንብኛል። እኔን ንቃ ሌላ ሰው ጋ ወሰደች ይላል።"

"ይበል" አልኩ።

ቬትናማዊው ብዙ አልተናገረም። የኋላውን ወንበር ነቀለው፣ ምንጣፉን ገለጠው፣ ከዚያ ተነስቶ እኔን ጠራኝ። ከምንጣፉ ሥር ውሃ ተኝቷል። ሲጫኑት ይንቦጫረቃል። ከውሃው ጎን የሽቦዎቹ ሁሉ መገናኛ የሆነ ሳጥን አለ፤ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል።

"ይሄ ወንበር ላይ ውሃ ታስቀምጣላችሁ?" አለኝ።

የጀሪካኗን ነገር ያኔ ነው የገባኝ። እትዬ አባይነሽ አንጓቸው ታማሚ ስለሆነ ክዳን አጥብቀው አይዘጉም፤ ካጠበቁት ኋላ መክፈት ያቅታቸዋል። መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። አባ የረጩትና በየጠዋቱ የተጨመረበት ሲደመር ደግሞ እዚያ ሥር ኩሬ ሆኗል። ነገርኳቸው።

"ጠበሉ ነው?" አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ጠበል ያድናል እንጂ እንዴት…"

"ጠበሉ ምን አደረገ፣ እትዬ? ክዳኑ ነው እንጂ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም እስቅ ነበር። ግን ሰውዬው አላበቃም። ሳጥኑ ዙሪያ የተጠመጠመ ነገር በመቀስ ቆርጦ አወጣና፣

"ከእኔ በፊት ይሄን የከፈተ ሰው አለ" አለ። "አንድ ጊዜም አይደለም። ይሄ አሮጌ ፕላስተር ነው፣ ይሄ አዲስ። ውሃ እንደሚገባ አውቋል፤ እንዳይገባበት ሸፍኖታል። ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?"

በእጁ የያዘው ፌስታል ነበር። የእንጀራ ፌስታል። "ንጹሕ የጤፍ እንጀራ" ይላል፣ በትልቁ፣ በአማርኛ።

"ዳቦ ይላል" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

መተርጎም አላስፈለገኝም። እትዬ አባይነሽ ፌስታሉን ከእጁ ተቀብለው ዘርግተው አዩት። በሜልቦርን ምዕራብ ስንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንዳለ አላውቅም፤ ሽቦ በእንጀራ ፌስታል የሚጠቀልል ግን አንድ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። መውደቁን ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ አባይነሽ ፌስታሉን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሰውዬው በዚያኑ ቀን አድርቆ፣ የዛገውን ቀይሮ መለሰልን። ያስከፈለው ከባትሪው ዋጋ ያነሰ ነው። ዋይንድሃም ቬል የሄድነው በቀጥታ ከዚያ ተነስተን ነው።

ወንድማገኘሁ ጋራዡ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ ስትገባ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ኑሀሚን ከቤት ሮጣ ወጥታ የክርስትና እናቷን አቀፈቻቸውና ለእራት ይቆዩ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። እትዬ አባይነሽ ጉንጮቿን ሳሟት፤ አገላብጠው፣ እንደ ሁልጊዜው። "ዛሬ አልቆይም፣ የኔ እናት፣ ግቢ ይበርድሻል" አሏት። እስክትገባ ጠበቁ። ከዚያ ፌስታሉን አውጥተው የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

ወንድማገኘሁ ፌስታሉን አየ፤ እኔን አየ፤ መሬቱን አየ።

"የመጀመሪያው ቀን ነው፣ እትዬ" አለ። "ልነግርዎ ነበር። ግን ምን ብዬ? ጠበልዎ መኪናዎን አበላሸው ልበል? ጠበሉን አጣጣለ ብለው ይቀየሙኛል ብዬ… ይሉኝታ ይዞኝ ነው።"

"ክዳኑን አጥብቂ ብትለኝ እቀየምህ ነበር?"

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ አነሳ።

"እሺ፣ የመጀመሪያውን ቀን ይሉኝታ ያዘህ። ዲናሞውንም የቀየርከው በይሉኝታ ነው?"

"ዲናሞው አርጅቶ ነበር።"

"ሞተሪኖውስ?"

እጁን በጨርቁ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

"ጠበል ላስረጫት ስልህስ? ውሃ መሆኑን እያወቅህ ምን አልከኝ?" ድምፃቸው አልጨመረም። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ልጅህን አቅፌ ቤተ መቅደስ ስገባ ንቀኸኝ ነበር ወይስ ከዚያ በኋላ ነው?"

ይሄን ጊዜ ይቅርታ የሚል ሰው ይኖራል። ወንድማገኘሁ ግን የተያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሌላ ሰው ጎተተ።

"እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማውቀው?" አለ። "ማኅበርተኛው በሙሉ ያውቃል፣ እትዬ። እትዬ ሮማነወርቅ ራሳቸው ያውቃሉ። ለምን እኔ ብቻ እወቀሳለሁ?"

እትዬ አባይነሽ ፌስታሉን እዚያው ትተውለት ዞሩ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። መሪውን ወደ ሜልተን አዞሩት። መኪናዋ እንደ አዲስ ነበር የምትሄደው። መጥረጊያው ዝም፣ መስኮቱ ዝም፣ ክላክሱ ዝም። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ደህና መኪና ውስጥ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም። ወንድማገኘሁ ይዋሻል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እትዬ ሮማነወርቅ? በዚህ መኪና ምክንያት ሊሞቱ የነበሩት እትዬ ሮማነወርቅ?

ሶፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያዩ ነበር። መርፌ የሚገባበት ክንዳቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። "ምነው በዚህ ሰዓት? ግቡ እንጂ" አሉ። እትዬ አባይነሽ አልተቀመጡም።

"ሮማን፣ ጠበሉ መኪናዬን እንደሚያበላሽ ታውቂ ነበር?"

እትዬ ሮማነወርቅ ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። "ማን ነገረሽ?" አሉ።

ይሄው ራሱ መልስ ነበር። እትዬ አባይነሽ ቀስ ብለው ከፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ላይ ነው የሰማሁት። ወንድማገኘሁ አወራው። አንቺ ወጡን ልታወጪ ኩሽና ገብተሽ ነበር።"

"እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ?"

"እዚያው ቤት ውስጥ ሆነሽ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ሌላው ይቅር፣ ለነፍስሽ እንኳ ብለሽ? ያን ማክሰኞ ልትሞቺ እኮ ነበር።"

እትዬ ሮማነወርቅ የጋቢያቸውን ጥለት ያፍተለትሉ ጀመር።

"ልነግርሽ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ግን መጀመሪያ ሲያወራው ሳቅሁ። ሁሉም ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? መኪናሽ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። አንቺ ደግሞ ደህና አደርሽ ወይ ብለሽ ጉልበቴን በብርድ ልብስ ትሸፍኚልኛለሽ። ያቅተኛል።"

እኔ እንሂድ ልል ስነሳ እትዬ አባይነሽ በእጃቸው ያዙኝ።

"ምን ብሎ ነው ያሳቃችሁ?"

"ተይው፣ አባይነሽ።"

"ንገሪኝ። ሁላችሁ የምታውቁትን እኔ ብቻ ሳላውቅ ልቅር?"

እትዬ ሮማነወርቅ ፊታቸውን በጋቢው ግማሽ ድረስ ሸፈኑ።

"መኪናዋ ሰይጣን አለባት አለ። ጠበል ሲነካት የምትጮኸው ለዚህ ነው አለ። አባ 'ልቀቅ' ሲሉት ሰይጣኑ በክላክሱ ለፈለፈ፤ 'ዲናሞ ካልቀየራችሁልኝ አልለቅም' አለ… አለ።"

እትዬ አባይነሽ አዳመጡ። ለአፍታ የከንፈራቸው ዳር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳቅ ነበር። እውነተኛ ሳቅ መጥቶ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"ያስቃል" አሉ። "እውነትም ያስቃል። ገዳሪፍ እያለን ያልሳቅንበት ነገር ነበር፣ ሮማን? በረሃባችን አልሳቅንም? በዚያች በአንዷ ጫማ አልሳቅንም? ብትነግሪኝ አብሬሽ እስቅ ነበር እኮ።"

እትዬ ሮማነወርቅ ጋቢው ውስጥ ሆነው አለቀሱ። እትዬ አባይነሽ አላለቀሱም። ቁልፋቸውን አነሱና ነገ በሰዓቱ እንደሚመጡ፣ እንደወትሮው በር ላይ እንዲጠብቋቸው ነግረዋቸው ወጡ።